የእማዬ አካውንት ላይ የማናውቃቸው ሰዎች ብር እያስገቡ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሰሚራ ዘሐይቅ፦

ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች። ትንሽ ረዘም ይላል ግን አንብባችሁ ሚያውቅ ሰው ይምከረኝ። እማዬ ሐይቅ ነው ምትኖረው እኔ ደሴ ነው ምሰራው። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ ስልኬ ሞልቷል መሰለኝ እንቢ አለኝ አለችኝና መልዕክት ላጠፋላት ብከፍተው የባንክ ኤስኤምኤስ ብቻ ነው ከላይ እስከ ታች። 40 ሺ ገባ፣ 65 ሺ ገባ፣ 120 ሺ ገባ፣ ከዛ እዛው ቀን ወይ በነጋታው ጠራርጎ ይወጣል። እማዬ ደሞ ከዶሮና ከእንቁላል ያለፈ ንግድ የላትም።

ስጠይቃት ምንም አልደነገጠችም፣ «የእህቴ ልጅ ነው ሚያንቀሳቅሰው፣ የጅዳዎቹ ለቤተሰብ ሚልኩት ነው፣ የሱ አካውንት ሞልቶበት ነው» አለችኝ። አካውንት ይሞላል እንዴ ጎበዝ? ኤቲኤም ካርዷ እሱ ጋ ነው፣ ሞባይል ባንኪንጉም እሱ ስልክ ላይ ነው ያለው፣ ፒኑንም እሱ ነው ሚያውቀው። ለሷ በየወሩ «ለቡና» ብሎ 1500 ብር ያስጨብጣታል በቃ።

ቅርንጫፉ ወስጄ ስቴትመንት አስወጣኋት። አስገቢዎቹ ከቆቦ ከመርሳ ከወረ ኢሉ ከየቦታው ናቸው፣ አንድ ሰው ሁለቴ አይልክም። አብዛኛው ላይ ምክንያት ሚለው ቦታ ባዶ ነው ወይ «ብድር» ይላል፣ አንዱ ላይ ግን «ለልጄ ማስለቀቂያ» ይላል። ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም ወላሂ።

ችግሩ ልጁ የትልቋ አክስቴ ልጅ ነው፣ እማዬን ያሳደገቻት ደሞ ይቺው አክስቴ ናት። ስደውልለት «አንቺ ምን አገባሽ፣ ሃዋላ ነው፣ አትነካኪ» አለኝ። ፖሊስ ጋ ብሄድ ደሞ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሳይመሽ ይሰማል፣ እዛ ቤት ውስጥም የሱ ሰው አለ ይባላል። እማዬ ትጠየቃለች ወይ? አካውንቱን ዘግተን ዝም ብንልስ?

ቦርከና ማዶ፦

እህቴ ነገር አታካብጂ። ወሎ ውስጥ በሃዋላ፣ ማለት ከባንክ ውጪ በደላላ፣ ብር ያልተቀበለ ቤት ካለ አሳዪኝ። ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ሲገዛ ውጪ እጥፍ ገደማ በነበረ ጊዜ የትኛው አረብ አገር ምትለፋ ልጅ ናት በባንክ ምትልክ? ላቧን በግማሽ ዋጋ ልትሸጥ? ከሐምሌ 2016 በኋላ ምንዛሪው ተለቀቀ ተባለ፣ እሺ፣ ግን ወረቀት የሌላት ልጅ ሪያድ ላይ ባንክ ገብታ መላክ አትችልም እኮ፣ ያላት አማራጭ ደላላው ነው። ልጁም የሰው አደራ ነው ሚያደርሰው። «ማስለቀቂያ» ያለውም እስር ቤት ያለ ልጅ ሊሆን ይችላል ወይ ደሞ መኪና ከጉምሩክ ማስለቀቂያ ይሆናል ምን ይታወቃል። ለ1500 ብር ቡና ብለሽ የአክስትሽን ልጅ አታሳስሪ።

ባንክ ቤት ነኝ፦

ቦርከና ማዶ ያልከው ግማሹ እውነት ነው ግን ይሄ አካውንት የሃዋላ መቀበያ አይመስልም። የሃዋላ ብር ለቤተሰብ ሲደርስ ከአንድ ደላላ አካውንት ወደ ብዙ ቤት ነው ሚወጣው። እዚህ ግልብጥ ነው፣ ከብዙ ቤት ወደ አንድ አካውንት ነው ሚገባው። እኛ ስራ ላይ ይሄን ስናይ ነው ጆሯችን ሚቆመው፣ ገቢ የሌላቸው እናት፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ አስገቢዎች፣ ብሩ ሳያድር መውጣቱ፣ ካርዱ ሌላ ሰው እጅ መሆኑ።

እንዴት እስከዛሬ ባንኩ ዝም አለ ካላችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ ዝም ላይል ይችላል። አጠራጣሪ ዝውውር ሲታይ ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ሪፖርት ይደረጋል፣ ሪፖርት መደረጉን ደሞ ለደንበኛው መንገር በህግ ክልክል ነው፣ ስለዚ እናትሽ አካውንት ላይ ምናልባት ካሁን በፊት ሪፖርት ተጽፎበት ሊሆን ይችላል፣ እናንተ መቼም አታውቁትም። ሁለተኛውን ስናገር የስራ ባልደረቦቼ ይቀየሙኝ፣ ቅርንጫፍ ሁሉ የዲፖዚት ታርጌት አለበት፣ ብር ሚያስገባ አካውንት ሲመጣ «ይሄ ከየት መጣ» ብሎ ሚጠይቅ ሰው ቡናው ላይ አይወደድም። ኢትዮጵያ የካቲት 2009 ፋትፍ ሚባለው የወንጀል ገንዘብ ዝውውርን ሚከታተል ዓለም አቀፍ ቡድን በግራጫ መዝገብ (ክትትል ሚያስፈልጋቸው አገሮች ዝርዝር) ውስጥ ካስገባት በኋላ ጥቅምት 2012 እስክትወጣ ድረስ ስልጠና በስልጠና ነበርን፣ ፎርሙ ሁሉ ተቀየረ፣ ወረቀቱ ግን ታርጌቱን አያሸንፈውም አንዳንዴ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ሰሚራ፣ መልዕክቶቹን አላጠፋሻቸውም አይደል?

ሰሚራ ዘሐይቅ፦

አላጠፋሁም፣ የመጀመሪያዎቹን አይቼ ነው የደነገጥኩት። ሌላ ስልክ ገዝቼላት ያን እኔ ጋ ይዤዋለሁ።

የባቲ መንገድ፦

እኔ እንኳ አስተያየት አልሰጥም ነበር ግን «መኪና ማስለቀቂያ» ሚለውን ሳይ አላስችል አለኝ።

ታናሽ ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋ በሎጊያ በኩል ጅቡቲ ገባ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። ከተሻገሩ በኋላ አንድ ማታ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ፣ የሱ ድምፅ ነው፣ ከጀርባው ዱላ አለ። ከዛ ሌላ ሰው ስልኩን ተቀብሎ፣ በአማርኛ ነው ሚያወራው፣ ጥርት ባለ በኛ አገር አማርኛ፣ የባንክ ስምና አካውንት ቁጥር አስጻፈኝ። የአካውንቱ ባለቤት ሴት ናት። «ምክንያት ላይ ብድር ብለህ ጻፍ» አለኝ። አባታችን በሬዎቹን ሸጠ፣ ያ አልበቃ ሲል መሬቱን ለሦስት ዓመት አከራየ፣ አስገባን። በሁለተኛው ሳምንት ወንድሜን ለሌላ ሸጡትና ሌላ አካውንት ቁጥር መጣ።

ያቺን ሴትዮ ስንት ሌሊት ረገምኳት። ደረሰኙ አሁንም አለ፣ ስሟ ተጽፎበት። እኔ በሐሳቤ ወርቅ ያጠለቀች ባለ ፎቅ ደላላ ነበር ምስላት፣ ዛሬ የሰሚራን ሳነብ ያቺም ሴትዮ ዶሮ ምታረባ የሰው እናት ልትሆን እንደምትችል ገባኝ። ይሄ ያናድደኛል እንጂ አያጽናናኝም። ምክንያቱም ፖሊስ ያን ጊዜ ቢፈልግ ሚያገኘው እሷን ነው፣ ካርዱን የያዘውን አደለም። ለዛ ነው እኮ የእናቶችን አካውንት ሚመርጡት።

ወንድሜ ተርፏል አልሐምዱሊላህ። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቦርከና ማዶ፦

የባቲ መንገድ፣ አላህ ይካሳችሁ ወንድሜ፣ በዚህ ላይ ምለው የለኝም። ግን እኔ ያልገባኝ፣ ልጁ የየመን ደላላ ነው እያላችሁ ነው? ደሴ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ጫት ሚቅም ልጅ ከየመን ጋ ምን አገናኘው? ብሩስ ብር ነው፣ የመን ላይ ብር ማን ይፈልገዋል?

ባንክ ቤት ነኝ፦

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ዋናው ነገርም እሱ ነው። ብሩ የመን አይሄድም። አስቡት፣ ጅዳ ላይ ያለችው ልጅ ለደላላ ሪያል ትሰጣለች፣ ወሎ ላይ ለእናቷ ብር እንዲደርስላት። ደላላው ወሎ ላይ ብር ከየት ያመጣል? ብር ሚሰበስብለት ይፈልጋል። አንዱ ምንጭ ነጋዴ ነው፣ ለዕቃ ማስመጫ ብር ሰጥቶ ውጪ ላይ ዶላር ሚቀበል። ሌላው ምንጭ እንዲህ ያለው የማስለቀቂያ ብር ነው። የቆቦው አባት ያስገቡት 65 ሺ ወሎ ውስጥ ይቀርና ለሌላዋ እናት «ልጅሽ ከጅዳ ላከችልሽ» ተብሎ ይደርሳል፣ የልጅቷ ሪያል ደሞ እዛው ባህር ማዶ ለአጋቹ ይከፈላል። ድንበር የተሻገረ ነገር የለም፣ ሂሳብ ብቻ ነው የተቻቻለው። ስለዚ ሰሚራ እናትሽ «የጅዳዎቹ ብር ነው» ሲሉ ዋሽተው ላይሆን ይችላል፣ ልጁም ራሱ ግማሹን ብቻ ሊያውቅ ይችላል። ሁሉም ሃዋላ እንደዚህ ነው አላልኩም፣ አብዛኛው ንጹህ የላብ ብር ነው፣ ግን ቧንቧው አንድ ስለሆነ ማን ምን እንደጨመረበት ተቀባዩ አያይም።

የጦሳ ጥላ፦

ጡረታ የወጣሁ የሕግ ሰው ነኝ፣ ልጆቼ እንደሚሉት «ረጅም ጻፊ» ነኝና ታገሱኝ።

ልጄ ሰሚራ፣ ስለ እናትሽ። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ይከለክል የነበረው አዋጅ ቁጥር 780/2005 ነው፣ በ2017 በአዲስ አዋጅ ተተክቷል፣ አዲሱ የሚለውን ከጠበቃ አረጋግጡ። 780 ይጠይቅ የነበረው ገንዘቡ የወንጀል ፍሬ መሆኑን የሚያውቀውን ብቻ አልነበረም፣ ማወቅ የነበረበትንም ነው። ቅጣቱ ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር፣ መቀጮም ነበረው። እስከ ዛሬ እናትሽ አላወቅሁም ቢሉ ዕድሜያቸው፣ ትምህርታቸው፣ የተከፈላቸው የቡና ብር ማነስ ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። አንቺ ስቴትመንቱን አንብበሽ ከነገርሻቸው ቀን ወዲህ ግን ያ መልስ እየሳሳ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «ዘግተን ዝም ብንል» ያልሽው አይሆንም። አካውንቱ ቢዘጋም ታሪኩ ባንኩ ውስጥ አለ፣ ዝም ብላችሁ የዘጋችሁት ደግሞ ስታውቁ የሸሻችሁ ያስመስላችኋል። የሰው ዝውውርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም አለ፣ ነገሩ እዚያ ከገባ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል።

የምታደርጉትን ልንገርሽ። እናትሽን ይዘሽ ቅርንጫፉ ሂጂ፣ ካርዱን አዘጉ፣ ሞባይል ባንኪንጉን አስቁሙ። በጽሑፍ አመልክቱ፣ ካርዱ ከእሳቸው እጅ ውጭ እንደነበር፣ የገባውን ገንዘብ እንደማያውቁት፣ ቀን ጨምራችሁ፣ ግልባጩ ላይ የገቢ ማህተም አስመቱ። አካውንቱ ላይ የቀረ ገንዘብ ካለ አትንኩት፣ ለልጁም አትመልሱ፣ ላስገቢው እንመልስ ብላችሁም በራሳችሁ አታስተላልፉ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጠበቃ ይዛችሁ ለዐቃቤ ሕግ። ሐይቅ ላይ ይሰማል ብለሽ ከፈራሽ ደሴ አመልክቺ፣ የግድ በሰፈርሽ ጣቢያ በኩል መግባት የለብሽም። አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ጥቆማ ለሚሰጥና ለሚመሰክር ሰው ማንነቱን እስከመደበቅ የሚደርስ ጥበቃ ይፈቅዳል፣ በወረቀት ያለው ሁሉ በተግባር ይገኛል አልልሽም፣ ግን ሳይጠይቁት የሚሰጥ ነገር ስላልሆነ ጠይቂ።

ቦርከና ማዶ፣ አንተም ልጄ፣ የዘመድ ነገር እኔንም ይከብደኛል። ግን ልጁ ቀድሞ ራሱ ቀርቦ ከማን እንደተቀበለና ለማን እንዳስረከበ ቢናገር ለእሱም የሚሻለው እሱ ነው። ኪዳነ ዘካሪያስ የተባለውን ታስታውሳላችሁ፣ ሊቢያ ላይ ስንቱን ያሰቃየው፣ አዲስ አበባ ከፖሊስ እጅ አምልጦ ሰኔ 2013 በሌለበት ዕድሜ ልክ የተፈረደበት። ታህሳስ 2015 ሱዳን ላይ የተያዘው ኢሚሬቶች በገንዘብ ማጠብ ምርመራ ተከታትለውት ነው። ብር ዱካ አለው።

ቀልደኛው ከሸዋ በር፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው ግን እዚህ አገር ጠቋሚ ከተጠቆመው ቀድሞ ነው ሚታወቀው። ህዳር 2015 የጸረ ሙስና ብሔራዊ ኮሚቴ ሲቋቋም ሰፈራችን ያለ አንድ ሹም እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ነበር፣ ራሱ ለመሬት ካርታ ሚያስጨብጡትን ሲቀበል ማናውቅ መስሎት። ሰሚራ አትሂጂ እያልኩ አደለም፣ ብቻሽን አትሂጂ ነው።

የጦሳ ጥላ፦

እሱ እውነት ነው። ጠበቃውም የሚያስፈልገው ለክርክሩ ብቻ አይደለም፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ነው።

ሰሚራ ዘሐይቅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ እርስዎን በተለይ አላህ ያክብርዎ። ዛሬ ጠዋት እማዬን ይዤ ሄድኩ። የባቲ መንገድ የጻፍከውን አነበብኩላት፣ ሁለቴ አስነበበችኝ፣ ከዛ ነጠላዋን አነሳችና «ተነሽ» አለችኝ። ካርዱ ተዘግቷል፣ ማመልከቻው ላይ ማህተም አስመትተናል፣ 38 ሺ ብር አለበት አልነካነውም። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ «ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ካርዱን ቀይረን ብንሰጣቸውስ» ሲለን ነበር፣ እምቢ አልኩ።

ካርዱ ከተዘጋ ሰዓት አልሞላውም፣ የአክስቴ ልጅ ሲደውል ዋለ። አላነሳሁም። ማታ አክስቴ ራሷ ደወለች፣ እያለቀሰች፣ «እኔ ያሳደግኋት እህቴ ልጄን ልታስበላው ነው ወይ» ትላለች፣ እማዬ ስልኩን ከኔ ተቀብላ «ልጅሽን ይዘሽው ነይ፣ አብረን እንሂድ» ብላት ዘጋችው። ይመጡ አይመጡ አላውቅም። የጠበቃ ቀጠሮ ሰኞ ነው። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ እስከ ሰኞ ድረስ ሌላ ብር ቢገባበትስ? አስገቢው ሰው ደውሎ «ገባ ወይ» ቢለንስ?

ባንክ ቤት ነኝ፦

ካርዱ ቢዘጋም አካውንቱ ይቀበላል፣ ስለዚ ነገ ጠዋት ተመለሺና ገቢም እንዲታገድ በዛው ማመልከቻ ላይ አስጨምሪ፣ ሥራ አስኪያጁ ከተንገራገረ የኮምፕሊያንስ፣ ማለት ባንኩ ውስጥ ህግ መከበሩን ሚቆጣጠረውን ክፍል ስልክ ስጠኝ በይው፣ ያን ሲሰማ ይጽፋል። አስገቢ ከደወለ ስሙን፣ ከየት እንደሆነና ማን ቁጥሩን እንደሰጠው ጻፊ፣ ብሩ እንዳልወጣ ንገሪው፣ ራሱ ባንኩ ጋ ሄዶ እንዲያመለክትም። ደረሰኙን እንዳይጥል በይው።

የባቲ መንገድ፦

ሰሚራ፣ ከደወለ እኔ ጋ አገናኚው። ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ፣ ከሁለተኛው አካውንት በፊት ሚነግረው ሰው ይፈልጋል።