እናቴ ብቻዋን ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ልትበር ነው፤ 17 ሰዓቱን እንዴት ትቻለው?

ሰናይት ዘሲልቨር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ነሐሴ 6 ማታ ከቦሌ ተነስታ ዋሽንግተን ዳላስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ ትገባለች። ቲኬቷ መነሻ 22:15፣ መድረሻ 08:15 ይላል፤ መሃል ላይ ለነዳጅ አንድ ቦታ ይቆማል። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው፣ እንግሊዝኛም አትችልም። ስኳር አለባት፦ ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን ትውጣለች፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ላንተስ ኢንሱሊን ትወጋለች። ለግፊት አምሎዲፒን ትወስዳለች። አውቶቡስ ላይ አራት አምስት ሰዓት ከተቀመጠች እግሯ ያብጣል። በዚያ ላይ ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። ሻንጣዋን የሚያዘጋጀው ወንድሜ ነው፤ ምን ልበለው? ዊልቸር እንጠይቅልሽ ስንላት ደግሞ «ምን ሆንኩና!» ብላ ተቆጣች።

መንገደኛው
ከሁሉ በፊት ሰዓቱን አጣሩ፤ ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። 22:15 ማለት ማታ 4:15 ነው። ቦሌ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይድረሱ። 08:15 የተባለው የዋሽንግተን ጠዋት 2:15 ሲሆን በአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ 9:15 መሆኑ ነው፤ በነሐሴ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው። የእጅ ሰዓታቸውን እስኪደርሱ ድረስ አይንኩት። መድኃኒቱም እንቅልፉም በአዲስ አበባ ሰዓት ሲቆጠር ይቀላል።

ለነዳጅ የሚቆመው ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሰውና ጭነት ሞልቶ፣ ነዳጁንም ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱም ከፊት ነው። ሲመለሱ ያለ ማቆሚያ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ለእናትሽ ማወቅ የሚያስፈልጋቸው ግን አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ሲያርፍ ዋሽንግተን አይደለም። አንዳንዱ ተሳፋሪ ሲወርድ አይተው እቃቸውን ይዘው እንዳይነሱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ነዳጅ ሲሞላ «ቀበቶ ፍቱ» ይባላል፤ ደንብ ነው፣ እንዳይደነግጡ።

ሻንጣ በቃኝ
ወንድምሽ አንድ የእጅ ሻንጣ ብቻ ይዘው እንዲገቡ አያድርግ፤ ለሁለት ይክፈለው። ከላይ መደርደሪያ ላይ የሚወጣው አንዴ ከወጣ እናትሽ አያወርዱትም። ስለዚህ በጉዞው የሚያስፈልገው ሁሉ ከፊት ወንበር ስር በሚገባ ትንሽ ቦርሳ ይሁን፦ መድኃኒት፣ የስኳር መለኪያ፣ መነጽር፣ ቫዝሊን፣ ሶፍት፣ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ ነጠላ፣ ስክሪብቶ። ሁሉም ቢሰበሰብ ከ2 ኪሎ አይበልጥም። ፓስፖርቱና ያንቺ አድራሻና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት አንገት ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ይሁን፤ ኢሚግሬሽን ላይ የት እንደሚያርፉ ይጠየቃሉ።

በእጅ የሚያዘው በአብዛኛው 7 ኪሎ ነው፤ የቲኬታቸውን እዩ። በርበሬ፣ ሽሮና በሶ በእጅ አይያዝ! ወደ አሜሪካ በሚገባ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት፣ አንድ ቆርቆሮ ኮካ ከሚሞላው ትንሽ የሚበልጥ ማለት ነው፣ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፤ ካላለፈ በሩ ላይ ይቀራል። ሁሉም በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ቋንጣ በየትኛውም ሻንጣ አይሆንም፣ ሥጋ ነው። ቡና ችግር የለውም። የያዙትን ምግብ ሁሉ ጉምሩክ ላይ ያስመዝግቡ፤ የሚያስቀጣው አለማስመዝገብ ነው። ፓወር ባንክ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ በእጅ ብቻ እንጂ በሚጫነው አይገባም። 20,000 mAh የሚለው ይፈቀዳል።

የውሃ ጠርሙስ ባዶውን ይያዙ። የአሜሪካ በረራ መሳፈሪያው በር ላይ ዳግም ሊፈተሽ ስለሚችል ውስጥ የተገዛ ውሃም ሊወሰድ ይችላል። ከገቡ በኋላ አስተናጋጆቹ ይሞሉላቸዋል።

ባለ ነጭ ጋዋን
መድኃኒቱን በተራ ልንገርሽ።

ኢንሱሊን በሚጫነው ሻንጣ ፈጽሞ አይገባም። ጭነት ክፍሉ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም፣ ሻንጣውም ሊዘገይ ይችላል። በእጅ ሲያዝ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ በረዶ አያስፈልገውም። ያልተከፈተ ትርፍ ካለ በበረዶ ከረጢት ይያዝ፤ ግን መሃሉ ፎጣ ይግባ፣ በረዶው ጠርሙሱን አይንካ። መድኃኒቱ በየካርቶኑ ሆኖ የሐኪም ወረቀት በእንግሊዝኛ ይኑር። ለሕክምና የሚያስፈልግ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ነጻ ነው፤ ፍተሻ ላይ ማሳየት ብቻ ነው።

አሁን ሰዓቱ። የመነሻው ዕለት ማታ 3 ሰዓት ላይ እናትሽ ቦሌ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ላንተሱን እዚያው ይውጉ። ቀጣዩ በማግስቱ በአዲስ አበባ ማታ 3 ሰዓት ነው፤ በዋሽንግተን ከቀኑ 8 ሰዓት። ያኔ ቤትሽ ናቸው። አየር ላይ መርፌ የለም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ወደ ማታ በምን ያህል እንደሚገፋ ሐኪማቸው ከጉዞው በፊት በወረቀት ይጻፍላቸው። የማታውን ሜትፎርሚን ከቤት ሳይወጡ ከእራት ጋር፣ የጠዋቱን በአዲስ አበባ ጠዋት አየር ላይ ምግብ ቀምሰው ይውሰዱ። ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል።

የሚያሳስበኝ ጾሙ ነው። ላንተስ ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት፣ እሱም ማንም በማያውቃቸው ቦታ፣ ስኳር ሊያወርድ ይችላል። ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ቀድመው ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው ጾም ይቀልላል። ላብ ላብ ካላቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ወይም ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ (ዳይት ያልሆነ)፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለዚህ አይሆኑም፣ ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት። ስኳሩ ካነሳ በኋላ ግን ቆሎው እንዳይወርድ ይይዘዋል። ስለዚህ ሁለቱም በትንሿ ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ።

ጋሻዬ
ለእግር እብጠት ቀላሉ ነገር አስፕሪን ነው። አንድ ፍሬ ከመሳፈር በፊት ይዋጡና ይተኙ።

ባለ ነጭ ጋዋን
ጋሻዬ፣ ተው። ለመንገድ ብቻ ተብሎ አስፕሪን አይጀመርም፤ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል፣ ለእብጠትም አይሠራም። የእንቅልፍ ኪኒንም እንደዚያው ነው፦ ሳይንቀሳቀሱ ስምንት ሰዓት ያስተኛል፣ ሲነሱ ያንገዳግዳል።

የእናትሽ እብጠት ከመቀመጥ ብቻ ላይመጣ ይችላል። አምሎዲፒን ራሱ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ ለሐኪሙ ይነገረው፣ ግን በራሳቸው አያቋርጡት። ከጉልበት በታች የሚደርስ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (mmHg) የሚል ኮምፕረሽን ካልሲ፣ እግርን አጥብቆ የሚይዝ ማለት ነው፣ ይግዙ፤ የእግር ደም ስር መጥበብ እንደሌለባቸው ሐኪም ካየ በኋላ ብቻ ይልበሱ። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ግዴታ ነው። የተለመደው እብጠት ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ አንድ ሁለት ቀን ውስጥም ይጎድላል። አንድ እግር ብቻ አብጦ ባቱ ላይ ካመመና ከሞቀ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ከደረሱ በኋላም ቢሆን ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው። ውሃ አይቀንሱ። «ሽንት ቤት እንዳልመላለስ» ብለው ጉሮሯቸውን የሚያደርቁ እናቶች ብዙ ናቸው።

መንገደኛው
ስለ ወንበር። መተላለፊያ ዳር ይያዝላቸው፤ ሦስት ሦስት በሚያስቀምጥ አውሮፕላን መስኮት ዳር ከሆኑ ሁለት ሰው አስነስቶ መውጣት ያፍራሉ፣ ስለዚህ አይነሱም። የአደጋ መውጫው ረድፍ እግር ቢያዘረጋም እርዳታ ለሚያስፈልገው ሰው አይሰጥም። ከግድግዳው ፊት ያለው ረድፍ ላይ የሕፃን አልጋ ይሰቀላል፣ ሲነሳና ሲያርፍም ትንሿ ቦርሳ እግር ስር አትቀመጥም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ይህ ነው፦ አጠር ያሉ ከሆነ እግራቸው ወለሉን በደንብ አይረግጥም። ያኔ የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበት በላይ ያለውን ጭን ከስር ይጫናል፣ ደሙ አይመለስም፣ እግር ያብጣል። ካልሲው ብቻውን ይህን አያስተካክልም። አውሮፕላኑ ከፍታውን ከያዘ በኋላ ትንሿን ቦርሳ እግራቸው ስር ያድርጉ፤ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። ለማረፍ ሲወርድ ቦርሳዋ ወደ ቦታዋ ትመለስ። ነጠላውን እንደ ክንድ ወፍራም ጠቅልሎ ወገብ ላይ ማስገባት ከየትኛውም ትራስ ይበልጣል። አንገት ላይ የሚደረገው ትራስ ወፍራሙ በኩል ከኋላ ከሆነ ጭንቅላትን ወደ ፊት ይገፋል፤ አዙረው ወፍራሙን አገጭ ስር ያድርጉት።

ጋቢ ለብሰው ይግቡ፣ ኪሎ አይቆጠርበትም፣ ካቢኑም ይቀዘቅዛል። ግን ቀበቶው ከጋቢው በላይ ይታሰር። ከስር ከሆነ አስተናጋጇ ማየት ስለማትችል በተናወጠ ቁጥር ትቀሰቅሳቸዋለች።

ሰናይት ዘሲልቨር (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቁመቷ አጭር ነው፣ የቦርሳውን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። የጾም ምግብስ ይገኛል? ጆሮዋስ? ጉንፋን ሲይዛት ጆሮዋን ያማታል።

ሻንጣ በቃኝ
ምግቡ ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ይታዘዛል። ኮዱ ቪጂኤምኤል ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለበትም። የስኳር በሽተኛው ዲቢኤምኤል ነው፣ እሱ ግን የፍስክ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ሰው በአብዛኛው አንድ ኮድ ብቻ ስለሚያዝ ቪጂኤምኤሉን ያዙና ጣፋጩንና ጭማቂውን ይተዉ። ትዕዛዙ መግባቱን ቡኪንጉ ላይ አረጋግጪ። ልዩ ምግብ ከሌላው ቀድሞ ይመጣል፤ «የኔ ብቻ ነው እንዴ?» ብለው እንዳይመልሱት ንገሪያቸው።

ዊልቸሩን ደግሞ ለእግር ነው አትበያቸው፤ «መንገድ የሚያሳይ ሰው ይመደብልሻል» በያቸው። በነጻ ነው፤ ዳላስ ላይ ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ መቀበያ ድረስ ይወስዳቸዋል፣ ረጅሙ ሰልፍም ያጥራል። ደብሊውሲኤችአር በሚል ኮድ ይመዝገብ፤ ደረጃ መውጣት ለሚችል ማለት ነው።

ባለ ነጭ ጋዋን
ጆሮው ላይ ለአዲስ አበባ ሰው የተገለበጠ ነገር አለ። ካቢኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በቦይንግ 787 ላይ ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር ይመጣጠናል፤ አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች። ስለዚህ ሲነሳ ብዙም አይሰማቸውም። ዳላስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሚያምመው ሲወርድ ነው። አየር ላይ በደንብ የተከደነ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ዳላስ ሲደርስ ተጨማዶ ታገኚዋለሽ፤ ጆሮም ከውስጥ እንደዚያ ነው የሚሳበው።

ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይንቁ፤ የተኛ ሰው ምራቅ አይውጥም። ማስቲካ ያላምጡ ወይም ውሃ ትንሽ ትንሽ ይጎንጩ፤ ካልተከፈተ አፍንጫ ይዞ ቀስ ብሎ መንፋት፣ በኃይል አይደለም። ነዳጅ ለመሙላት ሲያርፍም እንደዚሁ። በጉንፋን ጊዜ የሚወሰደው አፍንጫ የሚከፍት ኪኒን ግን የደም ግፊት ይጨምራል፤ ለእሳቸው አይሆንም። የጨው ውሃ ስፕሬይ ይበቃል። የካቢኑ አየር ደረቅ ስለሆነ አልፎ አልፎ አፍንጫቸውንና ከንፈራቸውን ቫዝሊን ይቀቡ።

ጋሻዬ
አስፕሪኑን ትቻለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ሽንት ቤት በካልሲ ብቻ አይግቡ፣ ወለሉ ላይ ያለው እርጥበት ሁልጊዜ ውሃ አይደለም። ጫማቸው ሰፋ ያለ፣ ማሰሪያው የሚላላ ይሁን። እግር አብጦ ጫማ እንቢ ካለ ዳላስ ላይ በባዶ እግር ነው የሚወርዱት።

ሰናይት ዘሲልቨር (ጠያቂ)
ካልሲውን ከዚህ ገዝቼ በሰው ልልክ ነው። ቁጥሩን በጫማዋ ነው የምገዛው?

ባለ ነጭ ጋዋን
አይ። ወንድምሽ ጠዋት ከአልጋ እንደወረዱ፣ ሳያብጥ፣ በሜትር ሁለት ቦታ ይለካ፦ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በጣም የቀጠነውን፣ ባቱ ላይ በጣም የወፈረውን፣ ሁለቱንም እግር። ካርቶኑ ላይ ያለው ሠንጠረዥ በእነዚህ ልኬቶች ነው የተሠራው። የበረራው ቀን ጠዋት ይለበስ። የካልሲው ጫፍ ከጉልበት እጥፋት ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይቁም። ቢረዝም ወደ ላይ እየጎተቱ ወይም እየጠቀለሉ ማሳጠር የለም፤ የተጠቀለለው ቦታ እንደ ገመድ ያንቃል። ከሳምንት በፊት ቤት ውስጥ አንድ ቀን ለብሰው ይሞክሩት፤ ጣታቸው ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ወዲያው ያውልቁት፣ ለበረራውም አይልበሱት።