የቲሸርት አንገት አስቸገረኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የምሰፋው እነሱ ሲተኙ ስለሆነ ማታ 40 ደቂቃ ካገኘሁ ትልቅ ነገር ነው። ዘንድሮ የምለብሰውን እራሴ እሰፋለሁ ብዬ ሁለት የጥጥ ጉርድ ሰፋሁ፣ በደንብ እየለበስኳቸው ነው። ችግሩ ከላይ የሚለበሰው ነው።

ከሚለጠጥ ጨርቅ፣ 95% ጥጥ 5% ላይክራ፣ ቲሸርት ሰፋሁ። ትከሻውም እጅጌውም አሪፍ ሆነ፣ አንገቱ ግን ተነስቶ ይቆማል፣ ሆን ብዬ ሽንሽን ያደረግኩበት ነው የሚመስለው። ትንሹ ልጄ ጭራሽ "እማዬ አንገትሽ ለምን ይስቃል" አለኝ።

መጀመሪያ 90 ቁጥር ተራ መርፌ ነበር፣ ስፌት ሲዘልብኝ ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን 75 አደረግኩ፣ መዝለሉ ቆመ። የምሰፋው በጠባብ ዚግዛግ ነው፣ ስፋቱ 1 ርዝመቱ 2.5። በእንፋሎት ካውያ ስተኩሰው ይተኛል፣ አንዴ ሲታጠብ ግን ተመልሶ ያው ነው።

የአንገቱ ዙሪያ 56 ሴንቲ ነው፣ እላዩ ላይ የሚዞረውን ቁራጭ ከዛው ጨርቅ በሚለጠጥበት በኩል 54 አድርጌ ነበር የቆረጥኩት። ሁለት ማታ ሙሉ ስፌቱን ስፈታ አምሽቼ (ዚግዛግ መፍታት ለጠላትም አይመኙት) በ45 ደገምኩት፣ አሁን ደግሞ ቁራጩ ደረቴ ላይ ልጥፍ አለ ግን ከስሩ ያለው ቲሸርት ተጨማደደ።

የቀረኝ ጨርቅ ለአንድ ቲሸርት ብቻ ነው የሚበቃው፣ ለ56 ሴንቲ አንገት ቁራጩን ስንት ሴንቲ ላድርገው?