2 ጊጋ ራም ላለው አሮጌ ዴስክቶፕ የትኛው ሊኑክስ ይሻለኛል?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ አለችኝ። የኮምፒውተሬ ፕሮሰሰር ኮር 2 ዱዎ ነው፤ ራሙ 2 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 160። ዊንዶውስ 7 ነው ያለው። አብርቼው ቡና አፍልቼ ስመለስ ገና እየተነሳ ነው። ክሮምም ከታደሰ ቆየ። አንድ ጠጋኝ «ጥለሽ አዲስ ግዢ» አለኝ። በየት ብር? በዊንዶውሱ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ልጫንበት ብዬ ነው። የምሠራው ማመልከቻ፣ ሲቪና ውል መተየብና ማተም ነው። አማርኛ ካልጻፈልኝ ዋጋ የለውም።

የከዚራ ልጅ፦
አቦ እንዳትጥይው! ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዓይነቱን ጫኚበት። መልኩ ዊንዶውስ ስለሚመስል አትደናገሪም።

ጀጎል ማዶ፦
ሚንት ራሱ ትንሹ 2 ጊጋ፣ እንዲመች ደግሞ 4 ይላል። ያንቺው ጠርዝ ላይ ነው። እኔ አንቲኤክስ የሚባለውን ቀላል ሊኑክስ እላለሁ። በ512 ሜጋ ራም እንኳ ይሠራል። መልኩ አያምርም፣ አልዋሽሽም። ደግሞ ሲስተሙ ቢቀልም ብራውዘሩ አይቀልም። ፌስቡክና ዩቲዩብ አንድ ላይ ከከፈትሽ መልሶ ይንቀራፈፋል።

ሰመንደፈር፦
ልጄ፣ ዊንዶውስሽ 32 ቢት ቢሆንም ፕሮሰሰርሽ ኮር 2 ዱዎ 64 ቢት ይሸከማል (ቢቱ ፕሮሰሰሩ ባንዴ የሚይዘው የዳታ መጠን ነው)። የሊኑክሱን 64 ቢት አውርጂ። መጀመሪያ ፋይሎችሽን ውጭ ገልብጪ። ከዚያ ያወረድሽውን ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፊና ሳትጭኚ ከፍላሹ አስነሺው። ፕሪንተርሽን ሰክተሽ አንድ ገጽ አትሚ። ኤችፒ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም። ለሊኑክስ ድራይቨር የሌላቸው ግን አሉ፤ ሳታትሚ ዊንዶውሱን እንዳታጠፊ። ሌላው፣ ድሬ ነው ያለነው። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አስከፍተሽ አቧራውን አስነፊ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ፔስትም አስቀይሪ።

የሳቢያኗ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አማርኛውስ? የድሮ ፋይሎቼ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው የተጻፉት።

ጀጎል ማዶ፦
ለመጻፍ አይባስንና ኤም17ኤንን፣ የኪቦርድ ቋንቋ መቀየሪያዎቹን ማለቴ ነው፣ ጫኚ፤ ከዝርዝሩ ሴራ የሚለውን የአማርኛ ኪቦርድ ምረጪ። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትነኪ «ሰላም» ይወጣል። የድሮዎቹ ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። የቀድሞው ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ የሚሠራ አይደለም። ፎንቱ ከሌለ ፋይሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ከዊንዶውሱ ፎንትስ ፎልደር ፎንቶቹን አብረሽ ገልብጪ። ኒያላ በሚባለው ፎንት የጻፍሻቸው ዩኒኮድ ስለሆኑ በሌላ ፎንትም ይነበባሉ።

የከዚራ ልጅ፦
በሞባይል ዳታ አታውርጂው፣ ካርድሽን ይበላዋል። ፍላሽ ይዘሽ ከዚራ ነይ፣ ከኔ ትገለብጫለሽ። እኔም አንቲኤክስ አለኝ፤ ሚንት ብዬ የተከራከርኩት ለመልኩ ነው።

የሳቢያኗ፦
ከሁለት ቀን በኋላ ተመለስኩ። አንቲኤክስን በፍላሽ አስነሳሁት። ፕሪንተሩ አተመ! ፓወር ግዕዙም ፎንቱን ስጨምር ተነበበ። የአንድ ውል ሰንጠረዥ ግን ሊብሬኦፊስ በሚባለው የሊኑክሱ መጻፊያ ፕሮግራም ተዛንፎ ወጣ፤ እሱን በእጄ አስተካከልኩ። ዊንዶውሱን ገና አላጠፋሁም። ራሙን 4 ላድርገው ብዬ ነገ ታይዋን ገበያ ልወርድ ነው።

ሰመንደፈር፦
የራም ዓይነቶቹ ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 አይገጣጠሙም። ያለሽን ነቅለሽ ይዘሽ ሂጂ።

የሳቢያኗ፦
እሺ ጋሼ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ ነው የምይዘው።