ተኩስ የሚፈራ ልጅ ይዤ ቫሊ ፎርጅ ልሂድ?

ጠያቂ፦ የሦስት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

የትልቋ ልጄ አስተማሪ «ቅዳሜ ቫሊ ፎርጅ ብትሄዱ ጥሩ ነው» ብላ ወረቀት ላከችልን። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ያለው የድሮ የወታደር ሰፈር ማለት ነው። በዚያ ቀን የድሮውን ዘመን ልብስ የለበሱ ሰዎች እሳት አንድደው፣ ምግብ ጥደው፣ ወታደሮቹ እንዴት ይኖሩ እንደነበር ያሳያሉ። ለቤተሰብ የተዘጋጀ ነው ይላል። የ10 ዓመቷ ልጄ ከሰማች ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም።

ያስጨነቀኝ መካከለኛው ነው። 6 ዓመቱ ነው። አሜሪካ ከገባን ገና ሁለት ዓመታችን ነው። ከመምጣታችን በፊት የነበርንበት ከተማ ውስጥ ተኩስ ነበር። አንድ ሌሊት ሙሉ አልጋ ሥር ተኝተን ነው ያደርነው። ያኔ ትንሽ ነበር፣ ይረሳዋል ብዬ ነበር። አልረሳውም። ርችት ሲተኮስ አሁንም ቁምሳጥን ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ «የጠመንጃ ተኩስ ማሳያ» የሚል አለ።

እሱን ቤት ትቼ እህቱን ብቻ ብወስድ «እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ነው የተውሽኝ» እንደሚል አውቃለሁ። ብወስደው ደግሞ ያ ሌሊት ተመልሶ ይመጣበታል ብዬ እፈራለሁ። የሄዳችሁ ካላችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ? ትንሿ 2 ዓመቷ ነው፣ ጋሪ ይገፋል ወይ?

መልስ፦ የሁለት ሴቶች አባት

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ ልጆቼን ይዤ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። የምወደው ቦታ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከመሄዳችሁ በፊት ለልጅሽ አንድ ነገር ንገሪው። ቫሊ ፎርጅ ላይ ውጊያ አልተደረገም። ጊዜው አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት የምትዋጋበት ነው፤ እንግሊዞች ፊላደልፊያን ይዘው ነበር። የአሜሪካኖቹ አዛዥ የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር ቫሊ ፎርጅ የገባው ክረምቱን ለማሳለፍ ነው። ዲሴምበር 19 ቀን 1777 ገቡ፣ ጁን 19 ቀን 1778 ወጡ። ልክ 6 ወር። 12,000 ያህል ሰው፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ 400 ያህል ሴቶችና ሕፃናት። ልብስ ያጥባሉ፣ ይሰፋሉ፣ በሽተኛ ያስታምማሉ። ስለዚህ ልጅሽ የሚያየው የጦር ሜዳ አይደለም። ሰው የሚበርደው፣ የሚርበው፣ ጫማው የሚያልቅበት ሰፈር ነው።

ሲገቡ ቤት የለም። ዋሽንግተን ጎጆ ሥሩ ብሎ አዘዘ፤ ወርዱ 14 ጫማ፣ ርዝመቱ 16 ጫማ፣ በአንድ ጎጆ 12 ሰው። በየክፍለ ጦሩ ቶሎና አሳምሮ ለጨረሰ ቡድን 12 ዶላር ሽልማት አደረገ። አሁን የምታዩዋቸው ጎጆዎች በዚያ ልክ እንደገና የተሠሩ ናቸው። ግንድ በግንድ ላይ ተደርድሮ፣ ክፍተቱ በጭቃ ተመርጎ። ውስጡ ገብቶ መተኛት ይቻላል፤ አልጋው ጣውላ ነው።

እኛ ከመሄዳችን በፊት ያደረግነው ነገር ነበር። ሳሎናችን ወለል ላይ በወረቀት ቴፕ 14 በ16 ጫማ ለካን። ሶፋውን ገፍተን ነው የበቃን። ከዚያ 12 ትራስ ደረደርን። ትንሿ ልጄ «እሳቱስ የት ነው የሚነደው?» አለች። አንዱን ጥግ ለምድጃ ስንለቅ አራት ትራስ ቦታ አጣ። እዚያ ስትደርስ ጎጆውን እንደራሷ ቤት አየችው። በቀላሉ የሚሠራ ነገር ነው፣ ሞክሩት።

ምግቡን አስቀምሷቸው። ዱቄት በውሃ አቡክተው ፍም ላይ ወይም የጋለ ድንጋይ ላይ ያበስሉታል። ሌላ ነገር የለውም። ሥጋ በማይደርስበት ጊዜ የወታደሩ ራት ይኸው ነበር። ትልቋ ልጄ ቀምሳ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ቂጣ ነው፤ ቅቤና በርበሬ ቢያገኙ ጨጨብሳ ይሠሩ ነበር» አለች። እኔ ስለ ረሃባቸው ከነገርኳት ሁሉ ያቺ ቂጣ ናት ትዝ የምትላት።

አሁን ስለ ተኩሱ። ጥይት የለውም፤ ባሩድ ብቻ ነው። የሚያሳዩትም በመስመር ቆመው፣ ሰው ወደሌለበት ሜዳ ዞረው ነው። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ደግሞ ሁለት ወገን ሆኖ እርስ በርስ እንደሚታኮሱ ማስመሰል ክልክል ነው። ቆስሎ መውደቅን ማስመሰልም እንዲሁ። ስለዚህ ሰው ሲወድቅ አያይም። ይህ ላንቺ ልጅ ትልቅ ነገር ይመስለኛል።

ጠመንጃው በአፈሙዙ ነው የሚጎርሰው። ወታደሩ ባሩዱ የተጠቀለለበትን ወረቀት በጥርሱ ቀድዶ ይከፍታል። ከላይ ያፈሳል፣ በዘንግ ይጠቀጥቃል። ከዚያ ባልጩቱ ብረት መትቶ እሳት ይፈጥራል። የሠለጠነ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል ይተኩሳል፤ የፈጠነው እንዲያ ነው! በመካከሉ ብዙ ጊዜ አለ፣ ድንገት የሚመጣ ነገር የለም። ጮክ ብሎ «ተዘጋጅ» ይባላል፣ «አነጣጥር» ይባላል፣ ከዚያ ነው «ተኩስ» የሚባለው። የጆሮ መከላከያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለትንሿም ጭምር።

መግቢያው ነፃ ነው። ጋሪ በአስፋልቱ መንገድ ይገፋል፤ ጎጆዎቹ ዙሪያ ግን ሣር ነው።

መልስ፦ የማታ ተረኛ ነርስ

ወንድሜ ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ልጆች ሁሌ «ስንት ሰው ሞተ?» ይላሉ። መልሱን ይዘሽ ሂጂ።

በዚያ 6 ወር ውስጥ 2,000 ገደማ ሰው ሞቷል። በጥይት አይደለም፤ በበሽታ ነው። ተስቦ፣ ታይፎይድ፣ ተቅማጥ፣ ኢንፍሉዌንዛ። ብዙ ሰው በብርዱ ያለቁ ይመስለዋል፤ አብዛኞቹ የሞቱት ግን ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ በማርች፣ በኤፕሪልና በሜይ ነው። 12 ሰው አንድ ጎጆ ውስጥ፣ ቅማል፣ የቆሸሸ ውሃ። ለልጆቼ እጅ ስለ መታጠብ ስንት ዓመት ከጮህኩት ይልቅ ያ ጎጆ ገባቸው።

ፈንጣጣ ግን እንደተፈራው አልጨረሳቸውም። ዋሽንግተን በ19 ዓመቱ ባርቤዶስ ሄዶ ፈንጣጣ ይዞት ነበር፤ ምን እንደሆነ ያውቃል። በ1777 መጀመሪያ ወታደሩ በሙሉ እንዲከተብ አዘዘ። የዛሬው ዓይነት ክትባት አልነበረም። ከታማሚ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርገው ያስገባሉ። ይታመማል፣ ግን ቀለል ያለ ሕመም ነው፤ አብዛኛው ይተርፋል። የሴት አያቴ ፊት ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ነበር። ሀገራችን ውስጥ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 እንደ ፈረንጅ ነው፤ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ጎጆው ውስጥ ቆሜ ይህን ስሰማ አያቴ ነበረች ፊቴ የመጣችው።

ሌላ ደግሞ፣ እባካችሁ ረጅም ካልሲ አልብሷቸው። ሣሩ ውስጥ መዥገር አለ፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ማታ ስታጥቢያቸው ብብታቸውን፣ ከጉልበታቸው በስተኋላ፣ የፀጉራቸውን ሥር እይ።

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጄ፣ እኔ በወጣትነቴ ወታደር ነበርኩ። ስለዚህ ስለ ልጅሽ ብቻ ልናገር።

ድምፁ አይደለም የሚያስፈራው። መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ነው። እኔም እስከ ዛሬ በር በኃይል ሲዘጋ እደነግጣለሁ፤ መብረቅ ግን አያስደነግጠኝም። መብረቁ ብልጭ ይልና ነጎድጓዱን እጠብቀዋለሁ።

ስለዚህ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። በጣም ራቅ በሉ። ሰፊ ሜዳ ነው፣ ቦታ ሞልቷል። የድሮ ባሩድ ጭሱ ነጭና ብዙ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። 340 ሜትር ያህል ርቃችሁ ከቆማችሁ ጭሱን ካያችሁ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሰው። «ጭሱን ስታይ ጆሮህን ያዝ» በዪው። ድምፁ ሳይቀድመው እሱ ይቀድመዋል። መቅረብ ከፈለገ እሱ ራሱ ይጠይቅሽ። «እንሂድ» ካለ ደግሞ ያኔውኑ ሂዱ። አታግደርድሪው፣ «ጎበዝ ነህ» እያልሽም አትግፊው። እህቱ እንዳትስቅበት ቀድመሽ ንገሪያት።

ጠያቂ፦ የሦስት ልጆች እናት (ከ9 ቀን በኋላ)

ሄድን። ዝም ብዬ ብቀር ውለታ መብላት ይሆንብኛል፣ ስለዚህ ልንገራችሁ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ከመንገዱ ማዶ ካለው ዛፍ ሥር ቆምን። የመጀመሪያው ተኩስ ላይ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠኝ። ጭሱ ወጣ፣ ጆሮውን ያዘ፣ ከዚያ ድምፁ መጣ። «ዘገየ!» አለኝ። ሁለተኛው ላይ ራሱ «አሁን» ብሎ ነገረኝ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ እንቅረብ አለ፤ ግማሽ መንገድ ስንደርስ «በቃኝ» ብሎ ቆመ። ተመለስን። አላለቀሰም። እኔ ነኝ መነጽሬን አውልቄ የጠረግኩት።

ከዚያ በኋላ ጎጆ ውስጥ ነው የዋልነው። አንድ ትልቅ ሰው ስለ ፎን ስቶይበን አጫወቱን። ከፕሩሲያ የመጣ መኮንን ነው፤ ፌብሩዋሪ 1778 ደርሶ ያንን የተጎሳቆለ ጦር ያሠለጠነው እሱ ነው። እንግሊዝኛ ግን እምብዛም አይችልም ነበር። በፈረንሳይኛ ይናገራል፣ ሌሎች ይተረጉሙለታል። መጀመሪያ 100 ያህል ሰው አሠልጥኖ፣ እነዚያ ሌላውን አሠለጠኑ። ልጄ በአማርኛ «እንደኔ ነው» አለኝ። ትምህርት ቤት ሲጀምር አንድ የሀገራችን ልጅ ነበር የሚተረጉምለት። ሰውዬው ምን እንዳለ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው እጁን ጨበጡት።

ትልቋ ደግሞ ያላሰብኩትን ጠየቀች። «እኛን የሚመስል ሰው ነበር?» አለቻቸው። ነበሩ። በብዙ ክፍለ ጦር ውስጥ ከነጮቹ ጋር አብረው የከረሙ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። በዚያው ክረምት ሮድ አይላንድ ባሪያዎችን ነፃ እያወጣች ለጦሩ ለመመልመል ወሰነች። ፓርኩ ውስጥ ለጥቁር አርበኞቹ በ1993 የቆመ ሐውልት አለ። ከፕሮግራሙ ውጭ ነበር፤ ትንሿ በጋሪዋ ተኝታ ስለነበር ሄድን። ልጄ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበች፣ ለወንድሟም እየተረጎመች።

መዥገር አንድ አገኘሁ፣ ከልጄ ካልሲ ላይ። ነርሷ እህቴ፣ ተባረኪ።

አሁን አንድ ችግር አለብኝ። አርብ ማታ ሳሎን ወለል ላይ የለጠፍነውን ቴፕ ልጁ አላስነሣም ብሏል። ማታ ማታ ትራሱን ይዞ መጥቶ እዚያ ውስጥ ይተኛል። ምድጃው ጋ ያለውን ቦታ ለኔ ነው የተወው፤ ትናንት ከሱ ጋር አደርኩ።