አራት እግርና ሁለት ክንፍ ላለው ፍጡር ክንፉ የት ይተከል?

ሠዓሊው ከሐዋሳ፦
ለሥዕላዊ ታሪክ ፍጡር እየነደፍኩ ነው። ታቦር ተራራ ላይ ይኖራል፣ ከሐይቁ ዓሣ ይነጥቃል፣ ነብር ያህላል። ክንፉን ከፊት እግሮቹ በላይ ጀርባው ላይ አደረግኩት፤ የተለጠፈ ይመስላል። ጀርባው ላይ ጡንቻ ብጨምርም አልተስተካከለም። ምን ጎደለው?

አጥንትና ጅማት፦
የጎደለው ደረት ነው ወንድሜ። ክንፍን ወደ ታች የሚመታው ጡንቻ ያለው ደረት ላይ ነው። በወፎች ክንፉን የሚያነሳው ዋና ጡንቻ እንኳ እዚያው ሆኖ፣ ጅማቱ በትከሻው ቀዳዳ አልፎ ክንዱን ከላይ ይስባል። ጀርባውን አሳንስ፤ የደረቱን አጥንት አስረዝምና መሐሉን እንደ ምላጭ አውጣው። የሌሊት ወፍ ዓይነት የቆዳ ክንፍ ከሆነ ማንሻው ጀርባ ላይ ስለሆነ ትንሽ ጉብታ ያስኬዳል።

ሁለተኛ ትከሻም ያስፈልገዋል። ክንፍና እግር ከተደራረቡ በደረት ጡንቻ ይሻማሉ። ክንፉ ከፊት፣ እግሩ ከኋላው ይሁን። የውሻና የፈረስ የፊት እግር ከጎድን ጋር የተያያዘው በጡንቻ ብቻ ስለሆነ ወደ ኋላ ማንሸራተቱ አይከብድም። ግን ዳሌና ጭራውን አቅልል፤ ያለዚያ ሲበር ኋላው ይዘቀዝቃል።

ሚዛን፦
ክብደቱስ? አባ ኮዳን (ትልቁን ራሰ በራ ወፍ) መነሻ እናድርግ፦ 7 ኪሎ ያህል፣ ክንፉ ጫፍ ለጫፍ 2.6 ሜትር ገደማ። ክብደቱ 4 እጥፍ (28 ኪሎ) ሲሆን የክንፉም የገጽ ስፋት 4 እጥፍ መሆን አለበት፤ ቅርጹ ካልተለወጠ ርዝመቱም ወርዱም 2 እጥፍ ይሆናል፣ ያ ማለት ጫፍ ለጫፍ 5.2 ሜትር። ከ28ቱ 5 ኪሎ ያህሉን ለበረራ ጡንቻ መድብ። 60 ኪሎ ከሆነ ክንፉ ወደ 7.6 ሜትር ይደርሳል፣ ያኔ ዋሻ ውስጥ ላኑረው ብትል አይገባልህም። እኔ የነብር ቁመት ሰጥቼ ሰውነቱን አቀጥነው ነበር።

ታቦርን መምረጥህ ጥሩ ነው፤ ከገደል ሲዘል ፍጥነት ያገኛል። የሚከብደው ከሐይቁ ዳር መነሳቱ ነው። ስለዚህ ዓሣውን ሳያርፍ ይንጠቅ፤ ከ2 ኪሎ በላይም አታሸክመው።

ሠዓሊው ከሐዋሳ፦
ክንፉ ሲታጠፍ ከፊት እግሩ ክርን ጋር ይጋጫል።

አጥንትና ጅማት፦
የላይኛውን የክንፍ አጥንት አሳጥር፣ ከክርን በታች ያለውን አስረዝም፣ የክንፉ የእጅ አንጓ ወደ አንገቱ ይጠጋ። የእግሩን ክርን ደግሞ ከታጠፈው ክንፍ በታች አውርደው። ከመሳልህ በፊት እያንዳንዱን አጥንት ከካርቶን ቆርጠህ በመርፌ ቁልፍ አያይዝና እግሩን ሙሉ እርምጃ አራምደው፤ የሚጋጭበትን ቦታ ወዲያው ታየዋለህ። ለአስተጣጠፉ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄደህ አባ ኮዳዎቹን ከጎን ንደፍ፤ ዓሣ ሲጠብቁ ቆመው ስለሚቆዩ ጊዜ ይሰጡሃል።