ናፍጣ የሚበላ አሮጌ ሃይሉክስ፤ ፓምፑ ከመፈታቱ በፊት ምን ይታይ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፤ 5ኤል ሞተር፣ 3.0 ናፍጣ፣ ቱርቦ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ በሊትር ከ7 ኪሎ ሜትር አያልፍም፤ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ጎማው 265/70 አር 16 ነው። ሜካኒኩ ኖዝሉና (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው) ፓምፑ (ናፍጣውን ለክቶ የሚገፋው) ይሠሩ ብሏል። ከዚያ በፊት መታየት ያለበት ነገር አለ?

መልስ 1፦
አለ እንጂ ወንድሜ። መጀመሪያ ልኬትህን አጥራ። ታንኩን ሙላና ኪሎ ሜትሩን መዝግብ፤ ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ነድተህ እዚያው ማደያ መልሰህ ሙላ። 310 ሄዶ 42 ሊትር ከገባ በሊትር 7.4 ገደማ ነው። ደግሞ ከፋብሪካ 205 አር 16 ጎማ ይዞ የመጣ ከሆነ፣ ያሁኑ ጎማ ዙሪያው 5 በመቶ ያህል ይበልጣል። ቆጣሪው 100 ሲል መኪናው 105 ገደማ ሄዷል ማለት ነው፤ 7 ያልከው 7.3 ይሆናል።

ቀጥሎ የሚይዘውን ፈልግ። የፊት ጎማዎቹን ታኮ አድርግባቸው፣ የኋላውን በክሪክ አንሳ፣ ማርሹን አውጣ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅና ጎማዎቹን በእጅህ አዙር። ከከበደህ የፍሬን ሸራው ይዟል። ባረጀ ሃይሉክስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ነው፤ ውስጡ ዝጎ ሲለቀቅ አይመለስም። ፊት ያሉት ፍሪ ሃቦች (የፊት ጎማን ከአክሰሉ የሚያያይዙትና የሚለቁት) በእጅ የሚዞሩ ከሆኑ ሁለቱም “ፍሪ” ላይ መሆናቸውን እይ። “ሎክ” ላይ ከተረሱ የፊቱ ዲፈረንሻል ያለ ሥራ ይሽከረከራል። የጎማውን ነፋስ ጠዋት ሳይሞቅ አስለካ።

የአየር ፊልትሮውን ጨለማ ውስጥ አምፖል ከውስጥ ከተህ እየው። ብርሃን እኩል የማያሳልፍ ከሆነ ታፍኗል። እንደ መርፌ ቀዳዳ ነጥብ ካበራ ደግሞ ተቀዷልና ጣለው፤ አቧራው ሲሊንደር ይበላል። በኮምፕሬሰር ደጋግሞ ማስነፋት ወረቀቱን የሚቀደው ነገር ነው።

መልስ 2፦
ከላይ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ጥቁሩ ጭስ ግን ለብቻው መታየት አለበት። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ይሳሳል። ፓምፑ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ከሆነና ከፍታ የሚያካክስ ነገር ከሌለው፣ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ስትረግጥ የሚረጨው ናፍጣ ካለው አየር ይበልጣል። ያልነደደው በጭስ ይወጣል። ፓምፑ ላይ የሙሉ ጭነት ብሎን አለ፣ ከፍተኛውን የናፍጣ መጠን የሚወስነው፤ ትንሽ ወደ ውጭ ሲዞር ጭሱ ይቀንሳል።

ይህን መንገድ ዳር አታስነካ። ፓምፕ የሚለካበት ማሽን ያለው ቤት ውሰደው። ብሎኑ የነበረበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበት፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ (1/8) በላይ አይዞር። ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አብሮ ስለሚወርድ እንደገና ይስተካከላል። ወደ መተሐራ ቆላ ስትወርድ ጉልበት መቀነሱን ግን ጠብቅ። ኖዝሎቹንም በዚያው ያስፈትኑልህ፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ካለ ብሎኑን ማዞር ምንም አይፈይድም። የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ይለካ፦ ማስገቢያው 0.20–0.30፣ ማስወጫው 0.40–0.50 ሚሊ ሜትር።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀኝ ፍሪ ሃብ “ሎክ” ላይ ነበር። ሌላው፣ የሙቀት ጌጁ ከሩብ በላይ አይወጣም፤ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚከፍተው ቫልቭ) ወጥቷል ተብያለሁ። ይህስ ይያያዛል?

መልስ 1፦
በጣም ይያያዛል! ቀዝቃዛ ሞተር ናፍጣውን በደንብ አያነድም፤ ዘይቱም ወፍራም ሆኖ ይከብደዋል። “እንዳይሞቅ” ብሎ ማውጣት የተለመደ ስህተት ነው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተር ሳይገባ የሚዞርበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል፤ ከሌለ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ይዞራል፣ ረጅም ዳገት ላይም ጭራሽ ሊሞቅ ይችላል።

አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለህ ከቴርሞሜትር ጋር አሙቀው። ላዩ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ስትገጥመው ትንሿ የምትንቀሳቀስ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚወጣው በእሷ ነው። ጋስኬቱን ቀይር፣ ውሃውን ሞተሩ እየሠራ ቀስ ብለህ ሙላ፣ ከዚያ ልኬቱን ከዜሮ ጀምር።