አምስት ዲፕሎማቶች ኤርትራን አይተው ለምን ሦስት መልስ ይዘው ተመለሱ?

የአያቷ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። አያቴ ልጅ እያሉ አስመራ ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ሰዎች የመጡ ጊዜ የነበረውን ግርግር ሳያነሱ አይውሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 መጀመሪያ ላይ የኤርትራ ዕጣ ምን ይሁን የሚለውን ሊያጠና የመጣውን ኮሚሽን ማለቴ ነው። አባላቱ ከበርማ፣ ከጓቲማላ፣ ከኖርዌይ፣ ከፓኪስታንና ከደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ያዩት አንድ አገር፣ ያነጋገሩት አንድ ሕዝብ። ታዲያ እንዴት እንደዚህ ተለያዩ?

ታሪክ ወዳድ፦
እህቴ፣ የተሰጣቸው ሥራ ራሱ ተደበላልቆ ነበር። የሕዝቡን ፍላጎት፣ ራሱን የማስተዳደር አቅሙን፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሰላምና ጸጥታ፣ በዚያ ላይ የኢትዮጵያን የባሕር በር ጥያቄ በአንድ ላይ መዝኑ ነው የተባሉት። ማን የትኛውን እንደሚያስቀድም ለራሱ ተተወ። ጓቲማላና ፓኪስታን ቢበዛ 10 ዓመት በተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት ትቆይና ነፃ ትውጣ አሉ። በርማና ደቡብ አፍሪካ ከኢትዮጵያ ጋር ፌዴሬሽን አሉ። ኖርዌይ ደግሞ ሙሉ ውሕደት። በመጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1943 ዓ.ም. የወሰነው ፌዴሬሽኑን ነው።

የምጽዋ ልጅ፦
እኔን የሚያንገበግበኝ የኢኮኖሚው ነገር ነው። «ድሃ ናት፣ ራሷን አትችልም» የሚለው ክርክር ብዙ ሰው አሳምኗል። ግን ማን አደኸያት ብሎ የጠየቀ አለ? እንግሊዞች ከእ.ኤ.አ. 1941 ጀምሮ ለ11 ዓመት ሲያስተዳድሯት ከምጽዋ ወደብ ስንት ንብረት ነቅለው ወሰዱ። ያ ከምጽዋ አስመራ ዕቃ በገመድ ያመላልስ የነበረው የጣሊያን ቴሌፌሪካ እንኳን የፈረሰው በእነሱ ጊዜ ነው። ቤቱን ባዶ እያደረጉ ባለቤቱን «ምንም የለህም» ማለት ፍርድ አይደለም። ደሃነቱ እውነት ነው፣ አልክድም። እንዴት እንደመጣ ግን አብሮ መቆጠር ነበረበት።

ታሪክ ወዳድ፦
ልክ ነህ ወንድሜ። ጸጥታውንም ጨምርበት። ሽፍታው መንገድ ዘግቶ ነበር። ኮሚሽኑ እዚያው እያለ የካቲት ላይ አስመራ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋጭቶ ብዙ ሰው ሞተ። እንዲህ ባለ ሰሞን አደባባይ ወጥቶ የልቡን የሚናገር ስንት ነው? ከኢትዮጵያ ጋር እንቀላቀል የሚለው የአንድነት ማኅበርም፣ ነፃ እንውጣ የሚለው የነፃነት ብሎክም ደጋፊውን ሰብስቦ ኮሚሽኑን ይጠብቅ ነበር። የኮሚሽኑ አባላትም ያንን ሰልፍ እያዩ ነው የሕዝብ ፍላጎት ብለው የጻፉት። ሕዝበ ውሳኔ የሚባል ነገር አልተደረገም።

የአያቷ ልጅ፦
አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። አያቴም «ሰልፍ ወጣን እንጂ ድምፅ አልሰጠንም» ይሉ ነበር፣ ያኔ ዝም ብዬ ነበር የምሰማቸው። እሳቸው የነገሩኝ የአስመራውን ብቻ ነው። በቆላው በኩል ኮሚሽኑን ያየ ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ የሰማችሁትን ጻፉልኝ።